ከኤቲፒው ቁጥር በፊት የቱቦው ቀለም

ቀይ የደም ሴል ኦክስጅን ሲያንሰው ወይም በጠባብ የደም ሥር ሲያልፍ ቅርጹ ሲለወጥ ኤቲፒ የተባለውን የሴል ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል ወደ ውጭ እንደሚለቅ፣ የተለቀቀው ኤቲፒም የደም ሥሩን እንደሚያሰፋ በርካታ ጥናቶች ያመለክታሉ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ለምትገኘው ደሴ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ የአየሩ ግፊት እዚህ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ተማሪዎች ርዕሱን ለመመረቂያ ጽሑፍ ሲመርጡት ከልብ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በዚያው ቱቦ ውስጥ ምን ያህል ሴል እንደፈነዳ አብሮ ያልተለካበት የኤቲፒ ውጤት ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ሂሳቡን እንመልከት። በሴሉ ውስጥ ያለው ኤቲፒ 1.5 ሚሊሞላር ያህል ነው ብንል፣ ሴሎቹ ከድብልቁ 1 በመቶ ቢሆኑና ከሺህ ሴል አንዱ ብቻ ቢፈነዳ፣ ፈሳሹ ውስጥ 15 ናኖሞላር (ናኖሞላር የሚሊሞላር ሚሊዮንኛ ነው) ኤቲፒ ይገባል። ብዙ ጊዜ የምንፈልገው ምልክት ራሱ በናኖሞላር የሚቆጠር በመሆኑ፣ ሴሉ አውቆ የለቀቀውን ፈንድቶ ካፈሰሰው መለየት ያቅተናል። እ.ኤ.አ. በ2014 ብለድ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከቀይ የደም ሴል ለሚወጣው ኤቲፒ ዋነኛው ምክንያት መፈንዳቱ ነው እስከ ማለት ደርሷል፤ ክርክሩም ገና አልተዘጋም።

እኔም በዚህ ስቻለሁ። ማለዳ ደሴ ላይ የቀዳነውን ደም በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት አውርደን ኮምቦልቻ ለካነው፤ የኤቲፒው ቁጥር ከፍ ብሎ ሲመጣ ተደሰትን። ማምሻውን ቱቦዎቹን ወደ መስኮቱ አንሥቼ ሳይ ግን፣ ጥርት ማለት የነበረበት የላይኛው ፈሳሽ ሥጋ የታጠበበት ውሃ መስሏል። የለካነው መንገዱ ያፈነዳቸውን ሴሎች ነበር።

ስለዚህ ጥንቃቄው ከክንድ ይጀምራል። ማሰሪያው ሳይቆይ፣ በጣም ባልቀጠነ መርፌ፣ ሲሪንጁን በኃይል ሳይስቡ መቅዳት ይገባል። ደም እንዳይረጋ ከሚጨመሩት ውስጥ ኢዲቲኤ ካልሲየምንና ማግኒዥየምን ስለሚይዝ፣ ኤቲፒን በብርሃን የምንለካበት ሉሲፈሬዝ የተባለው ኢንዛይምም ማግኒዥየም ስለሚፈልግ፣ ሄፓሪን ይሻላል። ደሙ በሴንትሪፉጅ በዝግታ፣ ለምሳሌ በ500 ጂ ለ10 ደቂቃ ከተሽከረከረ በኋላ ፕላዝማውና ከቀዩ በላይ የሚቀመጠው ስስ ነጣ ያለ ሽፋን አብረው ይነሣሉ። ቀይ ሴል ላለማባከን ሲባል ሽፋኑን በከፊል መተው ትልቅ ስሕተት ነው፤ በውስጡ ያሉት ፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ ደቃቅ የደም ክፍሎች) የራሳቸውን ኤቲፒ አምቀው የያዙ ናቸው። ቀሪው ግሉኮስ ባለበት ቡፈር (አሲድነቱ የማይዋዥቅ የጨው ውሁድ) ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ ቀይ ሴል በኦክስጅን ኃይል የሚያመነጨው የሴል ክፍል፣ ማይቶኮንድሪያ፣ ስለሌለው ኃይሉን የሚያገኘው ከግሉኮስ ነው። ሥራው በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፤ ደም ከተቀዳበት ሕንፃ ባይወጣ ደግሞ እመርጣለሁ።

ተጨማሪ ልኬት ወጪ ያበዛል የሚሉ አሉ። ከፈነዳ ሴል የሚፈሰውን ቀይ ቀለም፣ ማለትም ነፃ ሄሞግሎቢንን፣ ለመለካት ግን ፈሳሽ የሚውጠውን ብርሃን የሚለካ ተራ ስፔክትሮፎቶሜትር ይበቃል፤ ከሉሲፈሬዙ ዋጋ አንጻር ወጪው ኢምንት ነው። አማካሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀበሉ ከእያንዳንዱ የኤቲፒ ቁጥር ጎን የሄሞግሎቢኑን ቁጥር፣ ደሙ የተቀዳበትንና የተለካበትን ሰዓት፣ እንዲሁም የቦታውን የአየር ግፊት ይጠይቁ። ደሴ ላይ በክፍል አየር የተዘጋጀ ቡፈር የሚይዘው ኦክስጅን ኮምቦልቻ ከተዘጋጀው ያነሰ ስለሆነ፣ ሁለቱን «መደበኛ ኦክስጅን» በሚል አንድ ስም መጻፍ አይቻልም።