ሚኒሶታን ያሳለፈችው አሥረኛዋ ድል

እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 2025 ሚኒሶታ ፍሮስት ቦስተን ፍሊትን 8 ለ 1 ረታ። ዕለቱ በሰሜን አሜሪካ የሴቶች ፕሮፌሽናል የበረዶ ሆኪ ሊግ የመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ቀን ነበር። ጨዋታው ሲጀመር ቦስተን 44፣ ሚኒሶታ 41 ነጥብ ነበራቸው። ሲያልቅ ሁለቱም 44 ላይ ቆሙ፤ ኦታዋ ቻርጅም 44 ይዞ ጨረሰ። ሦስት ቡድኖች በእኩል ነጥብ፣ የቀረው የጥሎ ማለፍ ቦታ ግን ሁለት ብቻ። ኦታዋና ሚኒሶታ አለፉ፣ ቦስተን ቀረ። በዚያው ወር 26 ሚኒሶታ የሊጉን ዋንጫ፣ የዋልተር ዋንጫን፣ ለሁለተኛ ተከታታይ ጊዜ አነሳ።

እግር ኳስ የለመደ ሰው 8 ለ 1 ሲሰማ ሐሳቡ ወዲያው ወደ ግብ ልዩነት ይሄዳል። እዚህ ግን የግብ ልዩነት ምንም ሥራ አልነበረውም። 1 ለ 0 ቢያልቅም ኖሮ ሚኒሶታ ያልፍ ነበር። የሚፈለገው ድሉ በ60 ደቂቃ ውስጥ እንዲገኝ ነው። በሊጉ ደንብ ነጥብ እኩል ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው በመደበኛ ሰዓት የተገኘ ድል ብዛት ነው። ኦታዋ 12፣ ሚኒሶታ 10፣ ቦስተን 9 ነበራቸው። ከጨዋታው በፊት ሚኒሶታና ቦስተን እኩል 9 ስለነበሩ፣ ያቺ አሥረኛዋ ድል ሁሉንም ወሰነች።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ የሚነሳ ቅሬታ አለ። በ2024ም በ2025ም ዋንጫውን የወሰደው አራተኛ ሆኖ ያለፈው ሚኒሶታ ነው፤ ታዲያ 30 ጨዋታ ሙሉ መልፋት ምን ፋይዳ አለው ይባላል። ቅሬታው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል፣ ግን ሰንጠረዡን በጥንቃቄ ካለማንበብ የመጣ ይመስለኛል። የ2025ቱ ሰንጠረዥ ማን ጥሎ ማለፍ ላይ እንደሚጠነክር አስቀድሞ ተናግሯል። የተናገረው ግን ብዙ ሰው በማያየው ዓምድ ውስጥ ነው።

የነጥብ አሰጣጡ እንዲህ ነው። በ60 ደቂቃ ያሸነፈ 3 ነጥብ ይወስዳል፣ የተሸነፈው ባዶ እጁን ይሄዳል። እኩል ከወጡ ሁለቱም አንድ አንድ ነጥብ ይይዙና፣ በተጨማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት ያሸነፈው አንድ ነጥብ ይጨመርለታል። ስለዚህ ማንኛውም ጨዋታ የሚያከፋፍለው ሁልጊዜ 3 ነጥብ ነው። በወንዶቹ ሊግ በኤንኤችኤል ግን አሸናፊ በየትኛውም መንገድ ቢያሸንፍ 2 ነጥብ ያገኛል፣ በተጨማሪ ሰዓት የተሸነፈም 1 ይሰጠዋል። በ60 ደቂቃ ያለቀ ጨዋታ 2 ነጥብ ሲያከፋፍል፣ የተራዘመው 3 ያከፋፍላል ማለት ነው። ጨዋታው 55ኛው ደቂቃ ላይ እኩል ሲሆን ሁለቱም አሠልጣኞች ከማጥቃት ይልቅ መጠበቅን ይመርጣሉ፤ 60ኛው ላይ መድረስ ብቻውን ለሁለቱም ትርፍ ነውና።

ችግሩ አንዳንድ የስፖርት ገጾች የሴቶቹን ሰንጠረዥ ሲያትሙ ድሎቹን በአንድ ዓምድ መደመራቸው ነው። እንደዚያ ሲታይ ሚኒሶታ 15፣ ቦስተን 15፣ ኦታዋ 14 አሸንፈዋል፤ ከሦስቱ ደካማው ኦታዋ ይመስላል። ዓምዱ ሲከፈል መልኩ ይለወጣል። ኦታዋ 12 በመደበኛ ሰዓት፣ 2 ከዚያ በኋላ። ሚኒሶታ 10 እና 5። ቦስተን 9 እና 6።

ያንኑ ውጤት በኤንኤችኤል ስሌት ብናስቀምጠው ሞንትሪያል 41፣ ቶሮንቶ 36፣ ቦስተን 35፣ ሚኒሶታ 34፣ ኦታዋ 32 ይሆናል። ኦታዋ አምስተኛ ሆኖ ይወድቅ ነበር! በእውነቱ ግን ኦታዋ አንደኛ የወጣውን ሞንትሪያል ቪክትዋርን 3 ለ 1 በሆነ የጨዋታ ብልጫ አሰናብቶ ለፍጻሜ ደረሰ። በእርግጥ ደንቡ ሌላ ቢሆን አሠልጣኞቹም በሌላ መንገድ ይጫወቱ ነበር፣ ስለዚህ ስሌቱን እንደ መጨረሻ ማረጋገጫ አላቀርበውም። የትኛው ድል ይበልጥ እንደሚመዝን ግን በደንብ ያሳያል።

ለምን ይመዝናል? በመደበኛው ውድድር ተጨማሪ ሰዓት ማለት 5 ደቂቃ፣ 3 ለ 3 ነው። 60 ሜትር በ26 ሜትር ግድም በሆነው በረዶ ላይ ከበረኞቹ ሌላ አሥር የነበሩት ተጫዋቾች ስድስት ይቀራሉ። ቦታው ይሰፋል፣ አሠልጣኙም ፈጣን የሆኑትን አምስት ስድስት ልጆች ብቻ እያፈራረቀ ሊጨርሰው ይችላል። ካልተቋጨ የመለያ ምት ይመጣል፣ እሱ ደግሞ የአንዲት አጥቂና የአንዲት በረኛ ፍልሚያ ነው። በጥሎ ማለፍ ግን ሁለቱም የሉም። ተጨማሪ ሰዓቱ 20 ደቂቃ፣ 5 ለ 5፣ ጎል እስኪገባ ድረስ ነው። በዚያው ዓመት የሞንትሪያልና የኦታዋ ሁለተኛ ጨዋታ የተቋጨው በአራተኛው ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ነበር። እንዲህ ያለውን ምሽት በስድስት ተጫዋች መግፋት አይቻልም።

እዚህ ላይ ብዙ ተመልካች የማያስተውለው ነገር አለ። አንዲት ተጫዋች በአንድ ዙር በረዶ ላይ የምትቆየው 45 ሰከንድ ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ከቆየች እግሯ ይከብዳል። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ እንዲሁም በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ፣ ቡድኖቹ አቅጣጫ ስለቀየሩ የተቀያሪዎች መቀመጫ ከራሳቸው ጎል ይርቃል። የደከመች ተከላካይ ፓኩን (የሚጫወቱበትን ጠፍጣፋ ጎማ) ከአካባቢዋ ካላስወጣች ለመቀየር መሄድ አትችልም፤ ከሄደች በሯን ክፍት ትታ ነው። ብዙ የተጨማሪ ሰዓት ጎሎች የሚገቡት እንዲህ ወጥመድ ውስጥ በገባ ቡድን ላይ ነው። ይህን የሚሸከመው ሦስተኛና አራተኛ የአጥቂ መስመሩን (ከዋነኞቹ ኋላ የሚፈራረቁትን አጥቂዎች) ሳይፈራ የሚያስገባ ቡድን ነው።

የ2025 ፍጻሜ አራት ጨዋታ ነበረው፣ አራቱም 2 ለ 1፣ አራቱም በተጨማሪ ሰዓት። ዋንጫውን ያስገኘችውን ጎል ያስቆጠረችው ሊዝ ሼፐርስ ናት፤ የ2024ቱንም የአምስተኛ ጨዋታ የማሸነፊያ ጎል ያገባችው እሷው ነበረች። ሼፐርስ የሊጉ የጎል ሠንጠረዥ አናት ላይ የምትገኝ አጥቂ አይደለችም። ሚኒሶታ በበረኛ በኩልም ኒኮል ሄንስሊንና ማዲ ሩኒን እያፈራረቀ ነው የተጓዘው።

ወደ ሜይ 3 ልመለስ። ለቦስተን 60ኛዋን ደቂቃ በእኩል ውጤት መድረስ ብቻ ይበቃው ነበር፤ በዚያች አንድ ነጥብ 45 ይገባል። ሚኒሶታ በተጨማሪ ሰዓት ቢያሸንፍ እንኳ 43 ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጨዋታው 57ኛው ደቂቃ ላይ 1 ለ 1 ቢሆን ኖሮ ሚኒሶታ ውጤቱ እኩል ሆኖ ሳለ በረኛውን አስወጥቶ ስድስተኛ አጥቂ ማስገባት ነበረበት። አንድ ቡድን በእኩል ውጤት ጎሉን ባዶ እንዲያደርግ የሚያስገድድ ደንብ ለኔ ትክክለኛ ደንብ ነው፣ ተጫዋቾቹ እስከ መጨረሻው ደቂቃ እንዲያጠቁ ያደርጋልና። ከውድድር የወጡትን ቡድኖችም ሊጉ አልረሳቸውም። ማለፍ እንደማይችሉ ከተረጋገጠ በኋላ የሚሰበስቡት ነጥብ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ላይ ቅድሚያ ያስገኝላቸዋል፤ መሸነፍ አያዋጣም።

በ2025-26 ሲያትልና ቫንኩቨር ሲጨመሩ ሊጉ ስምንት ቡድን ሆነ፣ የጨዋታው ብዛት ግን ያው 30፣ ወደ ጥሎ ማለፍ የሚያልፉትም ያው አራት ነበሩ። በእኩል ነጥብ መጨረስ እየበዛ ይሄዳል እንጂ አይቀንስም። ገጾቹ አራቱን ዓምዶች (የመደበኛ ሰዓት ድል፣ ከዚያ በኋላ የተገኘ ድል፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ሽንፈት፣ የመደበኛ ሰዓት ሽንፈት) ለያይተው ያትሙ፣ አሠልጣኞችም የመደበኛ ሰዓት ድልን ከመጀመሪያው ወር ጀምረው ይቁጠሩ። ቦስተን በዚያ ዓመት 11 ጨዋታዎችን ከ60 ደቂቃ አሳልፎ 6ቱን አሸንፏል። ከስድስቱ አንዷ እንኳ በመደበኛው ሰዓት ብትቋጭ ኖሮ፣ 8 ለ 1 ተሸንፎም በ45 ነጥብ ያልፍ ነበር።