የድሬ ልጆች፣ እስቲ አንዴ ስሙኝ

አቦ፣ የምናገረው ሊከፋችሁ ይችላል። ቢከፋችሁም ስሙኝ። ልጆቻችንን ከሜዳ ያስቀረናቸው እኛው ነን።

«አትሌቲክስ የደገኛ ነው» እንላለን። ለረጅም ርቀት ሩጫ እውነትነት አለው። በቆጂ ከፍታ ላይ ናት፣ እኛ ያለነው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ግን አትሌቲክስ 10,000 ሜትር ብቻ ነው እንዴ? ዝላዩ፣ ውርወራው፣ መሰናክሉ፣ 100 ሜትሩ ደጋ አይጠይቁም። ይህን ለልጆቻችን መቼ ነገርናቸው?

አሜሪካዊቷን አትሌት ጃኪ ጆይነር ከርሲን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ውስጥ ኢስት ሴንት ሉዊስ በምትባል ድህነት በበዛባት ከተማ ተወለደች። ርዝመት ዝላይ የምትለማመድበት ስታጣ፣ ከእህቶቿ ጋር ከመናፈሻ አሸዋ በቺፕስ ከረጢት እያመላለሰች ደጃቸው ላይ አፈሰሰች። ከዚያ ከበረንዳው ላይ ትዘል ነበር። እኛ ደቻቱን የሚያህል የአሸዋ ወንዝ በመሀል ከተማችን እያለፈ፣ አሸዋውን የምናውቀው ለግንባታ ብቻ ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት ግቢ አንድ ገልባጭ አሸዋ ማራገፍ ያቅተናል? ሀብት ያላችሁ፣ ውጭ ያላችሁም የድሬ ልጆች፣ ለእናንተም ነው የምናገረው።

ያቺ ልጅ ሄፕታትሎንን መረጠች። በሁለት ቀን ሰባት ውድድር ነው፦ 100 ሜትር መሰናክል፣ ከፍታ ዝላይ፣ አሎሎ፣ 200 ሜትር፣ ርዝመት ዝላይ፣ ጦር ውርወራ፣ መጨረሻ ላይ 800 ሜትር። እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ላይ ወርቁን በ5 ነጥብ ብቻ አጣች። በ1988 ሴኡል ላይ 7,291 ነጥብ አመጣች፤ ክብረ ወሰኑ እስከ ዛሬ አለ። እዚያው 7.40 ሜትር ዘላ ሁለተኛ ወርቅ ወሰደች። በ1992 ባርሴሎና ላይም በሄፕታትሎን ደገመች።

ይህን ሁሉ ያደረገችው አስም ይዟት ነው። መጀመሪያ አልቀበልም ብላ መድኃኒቷን ችላ አለችና ሕይወቷን አደጋ ላይ ጣለች። በኋላ ግን ሕክምናዋን ይዛ ሮጠች። እኛ ጋ «ትዳር ይበላሽባታል» ተብሎ የሴት ልጅ የአስም መድኃኒት ይደበቃል። እናቶች፣ አባቶች፣ ይህ ነውር ነው። ሐኪም ጋ ውሰዷት፣ መድኃኒቷን በሰው ፊት ትውሰድ፣ ሐኪሟ ከፈቀደ ትሩጥ።

ወንድሞችስ? የጃኪ ወንድም አል በ1984 በስሉስ ዝላይ ወርቅ ወስዷል። እሷ 800 ሜትሯን ስትጨርስ ሜዳው ውስጥ ጎን ለጎን እየሮጠ «በርቺ» ይላት ነበር። እናንተ ግን እህታችሁ ቱታ ለብሳ ስትወጣ «ሰው ምን ይላል» ትላላችሁ። ከሰዓቱን ሙሉ በርጫ ላይ ከመቀመጥ ስታዲየም አድርሷት፣ ሰዓት ያዙላት።

የስፖርት መምህራን፣ ለክፍሉ ሁሉ ኳስ ወርውሮ ጥላ ስር መቀመጥ ይብቃ። ሜትር ይዛችሁ ውጡ። እያንዳንዱ ልጅ ስንት እንደዘለለ ለኩ፣ በስሙ ጻፉለት፣ በወሩ ደግማችሁ ለኩት።