«ምንም አያደርግም» ላላችሁኝ ሁሉ

በዚህ ከተማ ውስጥ እንደ «ምንም አያደርግም» ደሜን የሚያፈላው ቃል የለም። የግቢው በር ሲከፈት ጥጃ የሚያህል ውሻ ወደ ልጄ ይንደረደራል። ባለቤቱ ከበረንዳው ሳይነሳ እጁን ያወዛውዝና «ግቡ፣ ግቡ፣ ምንም አያደርግም!» ይላል። በሩ ላይ ግን በቀይ ቀለም «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ተጽፏል። የትኛውን ልመን? ቀለሙን ነው ወይስ ሰውየውን?

በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይም ያው ነው። አንድ ወጣት ጎረቤታችን ያለ ማሰሪያ የሚያወርደው ጥቁር ውሻ አለው። ልጄን ብድግ አድርጌ ግድግዳው ላይ ስለጠፍ «አይዞሽ፣ ልጅ ይወዳል» ይለኛል። እኔም ልጅ እወዳለሁ፤ ግን በደረጃ ላይ እየዘለልኩ የሰው ልጅ ፊት አልልስም።

ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ሻምበል ነው።

ሻምበል የባለቤቴ አክስት ውሻ ነው። አክስታችን ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም ሳይርቁ፣ ፒያሳ ሲፈርስ ከተረፉት አሮጌ ግቢዎች በአንዱ ይኖራሉ። ማዕረጉን የሰጡት ሟቹ ባለቤታቸው ናቸው። ዘሩ ጀርመን ሼፐርድ ነው፤ ቢያንስ አባቱ እንደዚያ እንደነበረ ይነገራል። ወንድ ጀርመን ሼፐርድ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። የእኔ ልጅ አራት ዓመቷ ነው፣ ክብደቷ 16 ኪሎ ነው። ፊት ለፊቱ ስትቆም የእሱ አፍና የእሷ ጉንጭ እኩል ናቸው። ትልቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነከሰው እግሩን ወይም እጁን ነው፤ ትንሽ ልጅ ግን ፊቷን፣ ራሷን፣ አንገቷን የምትነከሰው በዚሁ ቁመቷ የተነሳ ነው። ይህን ለማወቅ የእንስሳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ማየት ይበቃል።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያ ቡና እንጠጣለን። አቦሉ እስኪቀዳ ድረስ የቤተሰቡ መዝናኛ ምን መሰላችሁ? ልጆቹን በየተራ ሻምበል ጀርባ ላይ ማስቀመጥ። አንዱ አጎት ይደግፋል፣ ሌላዋ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ታነሳለች። «አንገቱን እቀፊው! ሳሚው!» ይባላል። ሰሞኑን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ተመለከትኳቸው። ልጆቹ ሁሉ ይስቃሉ። ውሻው በአንዱም ላይ ደስ ብሎት አይታይም። ጆሮው ወደ ኋላ ተጣብቋል፣ ፊቱን ከልጁ አዙሯል፣ የዓይኑ ነጭ በጠርዙ ብቅ ብሏል። በአንደኛው ፎቶ ላይ ምላሱን አውጥቶ አፍንጫውን ይልሳል። ያኔ ሥጋ የሸተተው መስሎን ስቀን ነበር። ውሻ ሲጨነቅ እንደዚያ ያደርጋል፤ እንቅልፉ ሳይመጣ ያዛጋል፣ ደርቆ ይቆማል። ጅራቱን መቁላቱም ሁልጊዜ ደስታ አይደለም፤ ተቆጥቶም ይቆላል። እኛ ግን ጅራቱ ሲወዛወዝ ካየን ሌላ ማስረጃ አንፈልግም።

ከሁለት ወር በፊት ልጄ ሻምበል ወደተኛበት ጥግ ሄዳ ጆሮውን ሳበችው። አጉረመረመ። ዝቅ ያለ፣ ከደረቱ የሚወጣ ድምፅ ነበር። አክስታችን ብድግ አሉና ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው አፍንጫውን መቱት። «በልጅ ላይ? አፈርኩብህ!» ሁሉም ደግ አደረጉ አላቸው። እውነቱን ልናገርና እኔም ደስ አለኝ።

የመታነው ማስጠንቀቂያውን እንደነበረ የገባኝ አሁን ነው። ማጉረምረም የውሻ «ተይኝ» ነው። ፊቱን አዙሮ ነግሮን ነበር፣ ተነስቶ ወደ ጥግ ሄዶ ነግሮን ነበር፤ በመጨረሻ በድምፅ ሲናገር በጫማ ተመታ። ከዚያ የተማረው ልጅን መታገሥ አይደለም፤ ሳይናገር መቅረትን ነው። ደግሞ «ውሻ እኮ ታማኝ ነው» ትሉኛላችሁ። ታማኝነቱን ማን ካደ? ጌታውን የማይከዳ እንስሳ ሁሉ ጆሮው ሲሳብ ይታገሣል ያለው ማነው?

ያችን እሑድ ልንገራችሁ። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው።

ምሳ ተበልቶ አብቅቷል። አክስታችን የተረፈውን ቅልጥም ለሻምበል በረንዳው ላይ ጣሉለት። ትልልቆቹ ስምንት ነበርን። ስምንት! ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌሊት ሌሊት እየቆጠርኩን ነው። እኔ ራሴ ከረከቦቱ አጠገብ፣ ከልጄ ሦስት እርምጃ ርቄ፣ ስለ ቤት ኪራይ አወራ ነበር። ልጄ ከሰፌዱ ላይ ፈንዲሻ በእፍኟ ዘግና ወደ እሱ ሄደች። «እንካ ሻምበል» ስትል ሰማኋት። ልታካፍለው ነው። አጎነበሰች። ውሻው ማኘኩን አቆመ፤ ቅልጥሙ ላይ እንዳቀረቀረ ደርቆ ቀረ። ያችን ቅጽበት በዓይኔ አይቻታለሁ፤ ምን እያለ እንደሆነ ግን አላወቅኩም። አላጉረመረመም። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና አለ። ፈንዲሻው ተበተነ፤ ከዚያ በነጩ ፈንዲሻ ላይ ደም ጠብ ጠብ ሲል አየሁ። ከዓይኗ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ነው የነከሳት።

ሦስት እርምጃ ለእኔ አጠገቧ መሆን ነበር። እጄ ግን አልደረሰም።

ከዚያ ወዲያ ያለው እብደት ነው። አንዷ ዘመዳችን «ቡና! ቡና አድርጉበት!» እያለች የተወቀጠ ቡና በማንኪያ ይዛ መጣች። እጇን ከልጄ ጉንጭ በጉልበት ነው የመለስኩት። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የሚተላለፈው በምራቅ ነው፤ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ መታጠብ አለበት። ቧንቧውን ብከፍተው ነፋስ ተነፈሰ፤ የሰፈሩ የውኃ ፈረቃ አልነበረም። ከቢጫው ጀሪካን በጣሳ እየቀዳን፣ ልጄ እየጮኸች፣ ባለቤቴ ሰዓቱን እያየ አጠብናት። በ15 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጣሳ ውኃ እንደሚገባ እኔን ጠይቁኝ።

በዚህ መካከል ምን ተባለ? «ምን አድርጋው ነው?» የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር። አራት ዓመቷ ነው! ፈንዲሻ ሰጠችው! ሁለተኛው ደግሞ «ጭረት ናት፣ አታካብዱት» የሚል ነበር። አንድ አጎት ዱላ አንስቶ ውሻውን ካልገደልኩ አለ። እሱንም መለመን ነበረብን፤ ምክንያቱም የነከሰ የቤት ውሻ ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቃል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልታመመ ሲነክስ በምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። ገድለህ ብትጥለው ይህን ከየት ታገኘዋለህ? ልጅን ከማዳን ይልቅ ውሻን መግደል የሚቀናን ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ለብቻው እጽፍበታለሁ።

ሽማግሌዎቹ «ፓስተር ውሰዷት» አሉ። ለእነሱ የውሻ ንክሻና ፓስተር አንድ ናቸው፤ ጉለሌ ያለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከድሮው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ሉዊ ፓስተር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1885 በክትባቱ ያዳነውም ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ያኔም ልጅ፣ ዛሬም ልጅ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በሽታው አለበት ተብሎ ከተጠረጠረ እንስሳ ንክሻ ከሚደርስባቸው ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ናቸው። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከ140 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን ይህን ክትባት ፍለጋ እሑድ ከሰዓት በታክሲ ዞርን። የመጀመሪያው ጤና ተቋም «አልቋል» አለን። በሁለተኛው ተሰልፈን አገኘን።

ሐኪሙ «ውሻው ተከትቧል?» አለ። በስልክ ጠየቅን። «እንዴታ! ካርድ ሁሉ አለው» አሉ አክስታችን። መቼ? «እሳቸው በሕይወት ሳሉ።» እሳቸው ካረፉ ስድስት ዓመት አልፏል። በየዓመቱ መታደስ ያለበት ክትባት ከሟቹ ጋር አብሮ ተቀብሯል። ልጄ በዚያው ቀን፣ በሦስተኛው ቀንና በሰባተኛው ቀን ተወጋች። አራተኛው መርፌ የፊታችን እሑድ ነው። አሁን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ባየች ቁጥር ጉንጯን በመዳፏ ትሸፍናለች።

አንድ ጠበቃ ዘመዳችን ነገሩን ሰምቶ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 አነበበልኝ። የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ድንገት ቢያመልጠውም፣ ጉዳቱ ይደርሳል ተብሎ ያልታሰበ ቢሆንም እንኳ። አክስታችንን ፍርድ ቤት ልገትራቸው አይደለም። ግን «ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጎ አያውቅም» የሚለውን መልስ ሕጉ ከስልሳ ዓመት በፊት ሰምቶ እንደጨረሰው ማወቄ ትንሽ አሳርፎኛል።

ሻምበልን እንደጠላሁት የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ከሁላችንም በላይ ያሳዘነኝ እሱ ነው። ከማለዳ እስከ ማታ ሁለት ሜትር በማይሞላ ሰንሰለት ከቆርቆሮ ቤቱ ጋር ታስሮ ይውላል። ማታ ይፈታና ግቢ ይጠብቃል። ከግቢው ወጥቶ ሲሄድ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም አምልጦ ነው። ስድስት ቀን ሰው ሳይነካው ከርሞ እሑድ ሲፈታ አምስት ሕፃን ጀርባው ላይ ይወጣበታል፤ ከዚያ መካከል ቅልጥም ይጣልለታል። እኔ ብሆን ገና ድሮ ነክሼ ነበር።

የጠየቅኩት ነገር ደግሞ ከባድ አልነበረም። ልጆች ሲመጡ ከጓሮው በር ወዲያ ይሁን። አጥንቱን ብቻውን፣ ተዘግቶለት ይብላ። ልጅና ውሻ አብረው ከሆኑ አንድ ትልቅ ሰው እጁ በሚደርስበት ርቀት፣ ስልክ ሳይነካ፣ ወሬ ሳያወራ ይቀመጥ፤ ያ ካልተቻለ አብረው አይሁኑ። ይህን ስናገር «የዘመኑ ወላጆች ስትባሉ» ተባልኩ። «እኛ ከውሻ ጋር ነው ያደግነው።» አዎ፣ አድጋችኋል። የአጎታችን የላይ ከንፈር ላይ ያለው ጠባሳ በልጅነቱ ምን ነክሶት የቀረ እንደሆነ ግን አንድም ሰው አላነሳውም። እኔም በትህትና ዝም አልኩ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አክስታችን ደወሉልኝ። «ሻምበል አሥር ቀኑን ጨረሰ፤ ጤነኛ ነው፣ አላልኳችሁም?» አሉ። የልጄን ቁስል ጠየቁ፣ ድምፃቸው ተሰበረ፣ አለቀሱ። «እሑድ ከመርፌው መልስ ኑልኝ፣ የኔ ልጅ። አስሬ እጠብቃችኋለሁ።» አንጀቴን በሉት። እንመጣለን ልላቸው አፌን ስከፍት ከስልኩ ወዲያ የሕፃን ሳቅ ሰማሁ።

«ማነው እሱ፣ እትዬ?»

«የእኅቴ የልጅ ልጅ ነዋ! ሁለት ዓመት ተኩል ሆነው እኮ፤ አድጓል።»

ከዚያ አፋቸውን ከስልኩ አራቁ። «ቁጭ በልበት፣ አይዞህ! ምንም አያደርግም።»