አከራይህ ማን ይባላሉ?

ልከራየው የመጣሁት ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ላይ ከእኔ በፊት አሥራ ሰባት ሰው ቆሟል፤ ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ቆጠርኳቸው። ሁሉም በብብቱ የፕላስቲክ አቃፊ ይዟል። አንዲት ነፍሰ ጡር ባሏን ተደግፋለች፤ ከኋላዬ ያለው ወጣት ጫማውን በመሐረብ ይወለውላል። የሚያወራ የለም። በሩ ተከፍቶ ሦስት ሲወጡ ሦስት ይገባሉ። ተራዬ ደርሶ ስገባ ወጥ ቤቱን አየሁ፣ መታጠቢያውን አየሁ፣ ከዚያ በመስኮት ብቅ ብዬ ሐይቁን ፈለግሁት። በሁለት ጣሪያዎች መካከል መዳፍ የምታህል ሰማያዊ ነገር ታየችኝ። ማስታወቂያው «ሐይቅ የሚያሳይ» ያለው ለካ እርሷን ኖሯል። አራት ደቂቃም ሳልቆይ ወጣሁ።

ከተማዋ ቬቬ ትባላለች። ከስዊዘርላንዷ ሎዛን በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ርቃ፣ በሌማን ሐይቅ ዳር የተቀመጠች፣ 20,000 ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ውሃው ውስጥ ስምንት ሜትር የሚረዝም ሹካ ተተክሎባታል፤ የከተማዋ የምግብ ሙዚየም አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ያቆመው ነው። ሹካው አጠገብ የቻርሊ ቻፕሊን ሐውልት አለ። አሜሪካ በሯን ስትዘጋበት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ከቬቬ ከፍ ብሎ ካለ መንደር ሰፊ ቤት ገብቶ እስኪሞት የኖረው እዚሁ ነው። እርሱም ስደተኛ ነበር ማለት ነው። የዕዳ ማስረጃ አምጣ ብለውት እንደሆነ ግን እጠራጠራለሁ።

እኔን ብለውኛል። እዚህ አገር ቤት የሚከራየው አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤቱ ጋር ፊት ለፊት ተነጋግሮ አይደለም። መካከል ላይ «ሬዢ» የሚባል የቤት አስተዳዳሪ ድርጅት አለ። ቤቱን የወደደ ሰው ለሬዢው «ዶሴ» ያስገባል። ዶሴ የሚለውን ቃል ከአገሬ መዝገብ ቤቶች ይዤው ስለመጣሁ ሥራው የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር። የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀት፣ የሥራ ውል፣ የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ፣ ድንገት ቤቱን ብታበላሽ የሚከፍልልህ ኢንሹራንስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከዕዳ መዝገብ የሚወጣ ንጹሕ ማስረጃ። ይህ የመጨረሻው ማንም ገንዘብ አልከፈለኝም ብሎ እንዳልከሰሰህ የሚመሰክር ወረቀት ነው። ኪራዩ ከደመወዝህ ሲሶ ከበለጠ ደግሞ ዶሴህ መነበቡም ያጠራጥራል።

ዕዳ የለብኝም። ችግሩ ማስረጃውን የሚሰጠው የምትኖርበት አካባቢ የዕዳ ጽሕፈት ቤት መሆኑ ነው። የምትኖርበት ከሌለህስ? ነዋሪ ሆኖ ለመመዝገብ አድራሻ ያስፈልጋል፤ አድራሻ ለማግኘት ቤት፤ ቤት ለማግኘት የነዋሪነት ታሪክ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አንዲት ክፍል ለጊዜው ባያስጠጋኝ ኖሮ ይህን ክብ እስካሁን እዞረው ነበር። ተመዝግቤ ማስረጃውን ስጠይቅ በአንድ ቀን ሰጡኝ። ሬዢው ግን ወረቀቱን አይቶ «ገና ሦስት ሳምንትዎ ነው፣ ይህ ምንም አይነግረንም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በሦስት ሳምንት ማን ባለ ዕዳ ይሆናል?

ሰዎች ከዶሴው ጋር ራሳቸውን የሚያስተዋውቁበት ደብዳቤ አድርግበት አሉኝ። እንደማላጨስ፣ እንስሳ እንደሌለኝ፣ የሙዚቃ መሣሪያ እንደማልጫወት ጻፍኩ። ከዚሁ ሐይቅ ሌላኛው ጫፍ ያለችው ጄኔቭ ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ያሉባት ናት። ደብዳቤዬን ፖስታ ሳጥን ውስጥ ስጨምር እርሳቸው ትዝ አሉኝ፤ መልሱም ያው የእርሳቸውን መሰለ። በትሕትና የተጻፈ፣ ማዘኑን የገለጸ፣ ቤቱን ለሌላ ሰው የሰጠ።

ባሕር ዳር ሳለሁ ዶሴ የሚባል ነገር የለም፤ ደላላ ነበር። ደላላው ከኋላ፣ እኔ ከፊት ሆነን ግቢ ለግቢ ስንዞር ዋልን። ሦስተኛው ግቢ ላይ ነጠላ ያጣፉ ሴት ወንበር ላይ ተቀምጠው እህል ይለቅማሉ። ቀና ብለው ሳያዩኝ «የማን ልጅ ነህ?» አሉ። ነገርኳቸው። «አገርህስ?» ዳንግላ። እዚያ ዘመድ አላቸው፤ ዘመዳቸውን አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አላውቅም። «ሚስት አለህ?» የለኝም። «ሴት ታመጣለህ?» ኧረ በፍጹም። ከዚያ ሰፌዱን አስቀምጠው ዋናውን ጥያቄ ጠየቁኝ፦

«ምጣድ ትጠቀማለህ?»

አንድ ቆጣሪ ለአምስት ቤት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ተከራይ ለቤት ባለቤት ከሌባ አይተናነስም። እንጀራ ከሱቅ እንደምገዛ ስነግራቸው ፊታቸው ተፈታ። ያን ዕለት ማታውኑ ገባሁ። ወረቀት አልፈረምኩም፤ ቀብዱን ስቆጥር ደላላው ምስክር ሆኖ ቆመ፣ ኮሚሽኑንም ተቀበለ፣ አለቀ። እቴቴ (ስማቸውን ጠርቻቸው አላውቅም) ቡና ሲያፈሉ ይጠሩኝ ነበር። ሳልበላ እንዳልተኛ ይቆጣጠሩኛል፤ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስገባም ይቆጣጠሩኛል። ሁለቱን መነጣጠል አይቻልም ነበር።

ይህን ሲሰማ አገር ቤት ሞቅ ያለ፣ እዚህ ቀዝቃዛ ነው የሚል ይኖራል። በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ይህን ዘፈን እንወደዋለን። እኔ ግን በባሕር ዳር በሁለት ዓመት ሦስት ቤት ለቅቄያለሁ። እቴቴ አንድ ቀን ቡናውን ሳያስጨርሱኝ «ልጄ ሊያገባ ነው፣ ቤቱን ለእርሱ ነው የማደርገው» አሉኝ። ለመልቀቅ የሰጡኝ ጊዜ አሥራ አምስት ቀን ነው። ልጃቸው እስካሁን አላገባም፤ በክፍሌ የገባው እኔ ከምከፍለው እጥፍ የሚከፍል ሰው ነበር። እንዴት ልከራከር? ውል የለኝም። ቢኖረኝስ ቡናቸውን ጠጥቼ ልክሰሳቸው ነው? ሁለተኛው ቤት ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ነበር፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ በርሜል እሞላለሁ። ባለቤቱም በየወሩ ውሃ ቀጠነ ይሉኛል። ሦስተኛውን ልተወው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። አዲስ አበባ የምትኖረው እህቴ አከራይዋን «አዋጁ እኮ» ብላ ብትጀምር «አዋጁ ያከራይሽ» አሏት። መልሱ ያናድዳል፤ ግን ያስቃል።

እዚህ የማየው ወረቀት የሚያስከብረኝ እኔንም ጭምር ነው። ከአሥር ሰው ስድስት ያህሉ ተከራይ የሆነበት አገር ስለሆነ ሕጉ ተከራይን እንደ መንገደኛ አያየውም። የመያዣ ገንዘቡ ከሦስት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ የሚቀመጠውም በባንክ፣ በእኔ ስም ነው፤ አከራዩ እንኳ ያለ እኔ ፊርማ ዝም ብሎ አያወጣውም። ቬቬ ያለችበት የቮ ካንቶን (ክልል እንደማለት ነው) የቤት እጥረት ስላለበት ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ ስንት ይከፍል እንደነበር በቅጽ ሊነግሩኝ ግዴታ አለባቸው፤ ጭማሪው በዛ ካልኩ ቤቱን በተረከብኩ በ30 ቀን ውስጥ አቤት ማለት እችላለሁ። ቅጹን ሳነብ እቴቴ ትዝ አሉኝና ለብቻዬ ሳቅሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ስንት ይከፍል እንደነበር ብጠይቃቸው ኖሮ ሰፌዱን ነበር የሚወረውሩብኝ።

ያም ሆኖ ቤቱን ያገኘሁት በዶሴ አይደለም። አሥራ ሁለት ዶሴ አስገብቼ አሥራ ሁለት ጊዜ አዝነውልኛል። አንድ እሑድ ሎዛን ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ አንድ ኤርትራዊ ወንድም «ቤት አገኘህ ወይ?» አለኝ። የሚያጸዳው ሕንፃ ላይ አንዲት ሴት ውሏ ሳያልቅ ልትለቅ ነው፤ ሕጉ ደግሞ መክፈል የሚችል፣ በዚያው ውል የሚገባ ተተኪ ካቀረበች ከቀሪው ኪራይ ነፃ ያወጣታል። እርሷ ሰው ትፈልጋለች፣ እኔ ቤት እፈልጋለሁ። ማታውኑ ሄድኩ። ወጥ ቤቷ ተቀምጠን ከየት እንደመጣሁ፣ ምን እንደምሠራ፣ እናቴ በሕይወት እንዳለች ጠየቀችኝ። ስለ ምጣድ ብቻ አልጠየቀችኝም። ዶሴዬን በእጇ ወስዳ ሰጠችልኝ፤ በአሥር ቀን ውሉ መጣ። ጎበዝ ደላላ ይወጣት ነበር፤ ኮሚሽን ግን አልነካችም።

የቤት ርክክቡን ያላየ ሰው ቢነግሩት አያምንም። ከሬዢው የመጣው ሰው ባትሪ ይዟል። ግድግዳውን ከጎን እያበራ የምስማር ቀዳዳ ይቆጥራል፤ ሳሎን ውስጥ አራት፣ መኝታ ቤት ሁለት። መታጠቢያ ገንዳው ላይ የጥፍር ስፋት ያላት ቁስል አለች፤ ጻፋት። የምድጃውን በር ከፍቶ አሸተተ። እኔ ትዕግሥቴ አልቆ «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ስል ቀና ብሎ «ይህ ለእርስዎ ነው። ዛሬ ያልጻፍነውን ሲወጡ ይከፍሉታል» አለኝ። ወዲያው ባትሪውን ተቀብዬው ከማቀዝቀዣው ኋላ ሌላ ቀዳዳ አገኘሁ።

ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው፤ ለሁሉም አንድ። የእኔ ተራ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ማክሰኞ ነው። የውሃ ፈረቃ እዚህም ተከትሎኝ መጣ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ማክሰኞ ሲሆን ውሃው መምጣቱ ነው። አንድ ጊዜ ሰዓቴን በሃያ ደቂቃ አሳልፌ ልብሴ በሥርዓት ተጣጥፎ ማሽኑ ላይ አገኘሁት። ከላዩ ላይ ያለ ፊርማ «ማክሰኞ ነበር» የሚል ወረቀት ተቀምጦበታል። እንደዚያ ቀን ተሰድቤ አላውቅም።

ቤት ማግኘቴን ለእናቴ ስነግራት እልልታዋ ስልኩን ሰነጠቀው። ሐይቅ ዳር ነው ስላት «እንደ ጣና?» አለች። ስፋቱ የጣናን ሩብ እንኳ እንደማይሆን፣ ጥልቀቱ ግን 310 ሜትር እንደሚደርስ ነገርኳት። ጥልቀቱን አልወደደችውም፤ ዳር ዳሩን እንዳልሄድ አስጠነቀቀችኝ። ከዚያ፦

«አከራይህ ማን ይባላሉ?»

«አላውቅም እማዬ።»

«ቤታቸው ተቀምጠህ ስማቸውን አታውቅም? ደግ ናቸው?»

ውሉን አውጥቼ «ባለቤት» የሚለውን መስመር ፈለግሁ። የተጻፈው የአንድ የጡረታ ፈንድ ስም ነው። የሠራተኞች ገንዘብ ተጠራቅሞ ሕንፃ ይገዛበታል፣ ከኪራዩ ጡረታቸው ይከፈላል ብዬ ባስረዳት «የጡረተኞች ቤት ነው» የሚለውን ብቻ ያዘች።

«ሽማግሌዎች ናቸዋ! ታዲያ ምነው እስካሁን ሄደህ አልጠየቅሃቸውም? ለፋሲካ ባዶ እጅህን እንዳትሄድ፣ ዳቦ ጋግርላቸው። ስንት ይሆናሉ?»

«እንጃ፣ ብዙ ሺህ ሳይሆኑ አይቀሩም።»

ትንሽ ዝም አለች።

«እንግዲያው ትልቁን ድፎ ነው» አለች።