አስራ አንደኛው ፊርማ የኔ ነው

የጅማ ልጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው። ራሴንም አልምርም። መጀመሪያ ግን እናንተን።

ባለፈው ክረምት በምሠራበት የቡና ድርጅት የሆነውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት ልንገራችሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም።

የቅምሻ ክፍል ኃላፊው ጡረታ ወጡ። ቦታው በውስጥ ማስታወቂያ ወጣ። የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ደመወዝ። ከታች ደግሞ ያቺ ሁልጊዜ የምናያት መስመር፤ «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ»። አምስት ሰው ተመዘገበ። አራቱ ወንዶች ናቸው።

አምስተኛዋ ድርጅቱ የገባችው ለለቀማ ነው። መጋዘን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተደርድራ፣ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ስትለይ ውላ ማታ ማታ ኮሌጅ ተማረች። ከዚያ ናሙና መቁላት፣ መፍጨት፣ ስኒ ማጠብ። ቀማሾቹ ሲወጡ የተረፈውን በማንኪያ እየቀመሰች ከጻፉት ጋር ታስተያይ ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይሄኛው መሬት መሬት ይላል፤ እነሱ ግን ደህና ብለውታል» አለችኝ። ሳቅኩባት። በኋላ ናሙናው ለምርመራ ሲሄድ በዚያው ጣዕም ምክንያት ደረጃው ወረደ።

ቅምሻን ለማታውቁ ትንሽ ላስረዳ። ቡና ደረጃ ሲወጣለት ከ100 ነጥብ 40ው በጥሬው ፍሬ ነው፤ 60ው በስኒ። ስኒው ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። ከጎማ ይምጣ ከሊሙ፣ የባለሀብት ይሁን የገበሬ ማኅበር፣ ቀማሹ አያውቅም። ባለቤቱን ካወቀ ምላሱ ይዋሻላ! እኛ ከዚህ ሥራ እንጀራ የምንበላ ሰዎች ነን። ይሄን ያዙልኝ።

ፈተናው ተሰጠ። አንደኛ የወጣው ስም ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ የሷ ነው። በማግስቱ አንዱ በእስክሪብቶ ከስሟ ሥር «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» ብሎ ጻፈበት። ያየ ሁሉ ሳቀ። ሻይ ሰዓት ላይ «ሦስት ነጥብ ጨምረውላት ነው» ተባለ። ማን አለ? ማንም አያውቅም። ሌላው «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ ተረተ። አንዱ ወጣት ስልኩን አውጥቶ «አሜሪካ እንኳ ትታዋለች» አለ። ይሄ ውሸት አይደለም። ፕሬዝዳንት ጆንሰን በ1965 የመንግሥት ኮንትራክተሮች በቅጥር አድልዎ እንዳያደርጉና እኩል ዕድል እንዲሰጡ ያወጡትን ትእዛዝ፣ ትራምፕ በጃንዋሪ 2025 ሽረውታል፤ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እዚያ ትልልቅ ድርጅቶችም እንዲህ ያለውን ፕሮግራማቸውን አጥፈዋል፤ ሠራተኞቻቸውም ገና እየተከራከሩበት ነው። እነሱ ግን የሚጨቃጨቁት ባለ ነገር ነው። እኛ የተነሳነው በሻይ ሰዓት ወሬ።

ከዚያ ወረቀቱ ዞረ። «ዕድገቱ በችሎታ ይሁን» ይላል። አስራ ዘጠኝ ሰው ፈረመ። አስራ አንደኛው እኔ ነኝ።

እሷ ግን ቦታውን ይዛ ሥራ ጀምራ ነበር። አሁን የአርቡን ልንገራችሁ። ስድስት ናሙና ነበር። ለያንዳንዱ አምስት አምስት ስኒ፤ ሠላሳ ስኒ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ቡናውን መዘነች፣ ፈጨች፣ የፈላ ውኃ ጨመረችበት። ለሰባት ቀማሽ ሰባት ማንኪያ ነጭ ፎጣ ላይ አሰለፈች። ከላይ የሚሰፍረው ቡና በማንኪያ ተገፍቶ የሚከፈተው፣ እኛ መስበር የምንለው፣ አራት ደቂቃ ተጠብቆ ነው። አራት ደቂቃው ሞላ። ማንም አልመጣም። ቀማሾቹ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ስለ ኳስ ያወራሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔ በመስኮት አያታለሁ። ሰዓቷን አየች። በሩን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሠላሳውንም ብቻዋን ሰበረች። ፉት አለች፣ ተፋች፣ ጻፈች። ስድስቱ ማንኪያ ሳይነካ ፎጣው ላይ ቀረ። ስትጨርስ የራሷን አጠበች፤ እነሱንም ሰብስባ አጠበቻቸው።

ማንም አፉ ያላስገባውን ንጹሕ ማንኪያ አጠበች! ስድብ ቢሆን ይረሳል። ይሄ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ።

ማክሰኞ ደብዳቤ አስገባች። ወደ ቀድሞ ሥራዋ እንዲመልሷት። ሁለት መስመር ብቻ ነው። ምክንያት አልጻፈችም።

ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ሥራውን የጨረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ዝርዝሩ ተለጠፈ። ስም ሳይታወቅ በተሰጠው የቅምሻ ፈተና ከ60 53 አግኝታለች። በሥራ አፈጻጸም ከ25 21። በቃለ መጠይቅ ከ15 11። ድምሩ 85። ሁለተኛ የወጣው 80። ለሴት ተብሎ የተጨመረ ነገር የለም፤ የሚጨመርበት ዓምድ ራሱ ቅጹ ላይ የለም። ሰሌዳው ሥር ቆመን አነበብን። አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሌላው «ምሳ ሰዓት ደርሷል» አለ። ሄድን፣ በላን።

ሕጉንም አነበብኩት፤ ከፈረምኩ በኋላ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 87፣ ሴት በቅጥርም ሆነ በዕድገት ከወንድ ጋር ተወዳድራ እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያ ይሰጣት ይላል። እኩል ካመጣች! ያስፈራን ይሄ ነው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ሴቶች በታሪክ ስለደረሰባቸው በደል ድጋፍ ይገባቸዋል ሲል፣ በእኩልነት መወዳደር እንዲችሉ ነው የሚለው፤ በመንግሥትም በግል ድርጅትም። ልጅቷ እንግዲህ ይሄንንም አልተጠቀመችበትም። ምን ያድርጋት?

እስቲ ንገሩኝ። ማስታወቂያ ሳይወጣ ሰው ሲሾም የት ነበርን? የአለቃ እህት ባል በአንድ ዓመት ሁለት ደረጃ ሲዘል «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ብለን ስቀን አለፍን። ለዚያ ማን ወረቀት አዞረ? ያልተጨመረችውን ሦስት ነጥብ ከሩቅ ያየ ዓይናችን፣ በምልጃ የሚሰጠውን ሠላሳ ነጥብ አጠገባችን ሆኖ አላየውም። ፈርተን ነው። አማላጅ ያለው ይመልሳል። ለቃሚ የነበረች ልጅ ምን ታመጣለች?

ችሎታ ይቅደም የሚል ሰው ሁሉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ለሪፖርት ማሳመሪያ ሲባል ሴት ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ሳያሠለጥኑ ሳይደግፉ መተው አለ፤ አይቻለሁ። እሷንም ሥራውንም ይጎዳል። እሱን ተቃወሙ፣ አብሬ እፈርማለሁ። ግን ችሎታ ያንገበገበው ሰው መጀመሪያ ውጤት አሳዩኝ ይል ነበር። አንዳችንም አላልንም። ሁለተኛ የወጣው ሰውዬ፣ ተበደለ ብለን የጮህንለት፣ እሱ ራሱ አልፈረመም። ወረቀቱ ሲደርሰው «በልጣኛለች እኮ፣ ምን ብዬ ልፈርም?» ብሎ መለሰው። አሁን ቦታው ላይ ያለው እሱ ነው። የሚያጠራጥር ናሙና ሲገጥመው እሷን ያስጠራል። ትመጣለች፣ ትቀምሳለች፣ ትናገራለች፣ ትሄዳለች።

እንግዳ ሲመጣ አባ ጅፋርን እንጠራለን። ጅሬን ወስደን ቤተ መንግሥቱን እናሳያለን። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከየአገሩ ነጋዴ ይሰበስብ ነበር፣ ጅማ ሁሉን አቃፊ ናት እንላለን። እርግጥ በዚያ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር፤ አናስጊጠው። ዛሬም የመጣውን ሰው መጀመሪያ የምንጠይቀው የማን ነሽ፣ የየት ነሽ፣ ማን አስገባሽ ነው። ለቡናው ያደረግነውን ያህል ለሰው አላደረግንም።

እኔ ለምን ፈረምኩ? ብዙ አሰብኩበት። አላመንኩበትም ነበር። የስኒዋን ጉዳይ አውቃለሁ፤ ምላሷን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ወረቀቱ ሲመጣ ከኔ በፊት አስር ስም ነበረበት፤ ያመጣውም ሻይ የሚጋብዘኝ ሰው ነው። እስክሪብቶውን ከፍቶ ነው ያቀበለኝ። በቃ ይኸው ነው ምክንያቴ። ሰው ስም ለማጥፋት ትልቅ ጥላቻ ያስፈልገዋል ብዬ አስብ ነበር። አንድ ስኒ ሻይ ይበቃል።

ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ናሙና እየቆላች ነበር። ተንተባተብኩ። አላስጨረሰችኝም። «ግድ የለም ጋሼ፣ አልፏል» አለች። ጭሱን በእጇ ገፋ አድርጋ ደግሞ፣ «ፊርማዎ ግን ያምራል» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ከእንግዲህ ጀግና ሁኑ አልላችሁም፤ እኔም አልሆንኩ። ወረቀት ሲዞርባችሁ ግን እስክሪብቶ ከመቀበላችሁ በፊት ውጤቱን ጠይቁ። ካፈራችሁ ሽንት ቤት ልሂድ ብላችሁ ውጡ። ከመፈረም ይሻላል።

ሰሞኑን ለጥራት ተቆጣጣሪነት አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሁለት የለቀማ ልጆች ሻሻቸውን እንዳሰሩ ቆመው ሲያነቡ አየሁ። አንዷ ጣቷን ታችኛዋ መስመር ላይ አድርጋ፣ «ይቺን ከጻፉ ይፈርሙብሻል» አለቻት። ጓደኛዋ ሳቀች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ የምዝገባውን ቀን ፎቶ አነሳችው።