ቀጣሪ በእጅ ጽሑፋችን ባሕርያችንን ይመዝን? ክርክር

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ «ቀጣሪ የአመልካችን የእጅ ጽሑፍ አስመርምሮ ባሕርዩን ማወቅ ይችላል፤ ቢያደርገውም ተገቢ ነው።» ሙያው ግራፎሎጂ ይባላል። የፊደሉን መጠን፣ መዝመሙን፣ የእስክሪብቶውን ጫና፣ የመስመሩን አካሄድ አይቶ «ይህኛው ቁጥብ ነው፣ ያኛው ቁጡ ነው» ይላል። ደጋፊዋ ለረጅም ዓመታት አማርኛ ያስተማሩ መምህርት ናቸው። ተቃዋሚው በሠራተኛ ቅጥር ላይ የሚሠሩ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናቸው።

ደጋፊዋ፦

ከክፍል ልጀምር። ስም ያልተጻፈበት ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀር ገልጬ ማየት ይበቃኛል። የማን እንደሆነ ወዲያው አውቃለሁ። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ከአንድ ሰሌዳ፣ ከአንድ አስተማሪ «ሀ ሁ»ን ይገለብጣል። የሚወጣው ግን በልጆቹ ቁጥር ልክ የተለያየ ጽሑፍ ነው። ይህ ልዩነት ከጣት ብቻ የመጣ አይመስለኝም። በ1895 (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጀርመን አገር ይሠራ የነበረው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ቪልሄልም ፕራየር ሰዎች በእጃቸው፣ በእግራቸውና በአፋቸው ሲጽፉ የአጻጻፋቸው ጠባይ እንደሚመሳሰል አሳይቷል። የሚጽፈው አንጎል ነው፤ እጅ ታዛዥ ነው ማለት ነው።

ሐኪሞችም ያውቁታል። የፓርኪንሰን ሕመም የያዘው ሰው ጽሑፉ እያነሰና እየተጨናነቀ ይሄዳል። አንዳንዴም ሌሎቹ ምልክቶች ጎልተው ሳይወጡ ይህኛው ይቀድማል። ሲደክመን፣ ስንቸኩል፣ ስንናደድ ጽሑፋችን ይለወጣል። የነርቭን ሕመም የሚናገር ወረቀት ስለ ጠባያችን ዝም ይላል ብዬ ማመን ይከብደኛል።

ትናንት የተፈጠረ ነገርም አይደለም። ጣሊያናዊው ካሚሎ ባልዲ በ1622 ስለዚሁ ጉዳይ ጽፏል። ፈረንሳዊው ቄስ ዣን ኢፖሊት ሚሾን በ1870ዎቹ ሙያውን ስም ሰጥተው አደራጁት። የማሰብ ችሎታ መመዘኛ ፈተናን በመሥራቱ የሚታወቀው አልፍሬድ ቢኔ እንኳ ንቆ አልተወውም። በ1906 ባሳተመው ጥናት ባለሙያዎቹ በዕጣ ከሚገኘው የተሻለ እንደሚገምቱ ጽፏል። በፈረንሳይና በእስራኤልም ቀጣሪዎች ለአሥርት ዓመታት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ነጋዴ ደግሞ ለማይረባው ነገር ገንዘቡን አይበትንም። ለመሆኑ «ታማኝ ነህ?» የሚል መጠይቅ ቢሰጠው «አይደለሁም» ብሎ የሚሞላ ማን አለ? አፍ ይዋሻል። እጅ ግን የለመደውን ይጽፋል።

ተቃዋሚው፦

እህቴ፣ ደብተሩን አይተው ልጁን እንደሚያውቁት አልጠራጠርም። ያወቁት ግን ደብተሩ የማን እንደሆነ ነው። ልጁ አድጎ ምን ዓይነት ሰው እንደሚወጣው አላወቁም። የጣት አሻራም ለየሰው የተለየ ነው፤ ሰውዬው ቸር ይሁን ንፉግ ግን ከአሻራው አይነበብም። ልዩ መሆን አንድ ነገር ነው፣ ባሕርይን መናገር ሌላ ነው። እኔ የምሟገተው በሁለቱ መካከል ስላለው ክፍተት ነው።

የፓርኪንሰኑ ነገር እውነት ነው። ነገር ግን ሐኪሙ የሚያነጻጽረው አንዱን ሰው ከራሱ ጋር ነው፤ ድሮ እንዴት ይጽፍ ነበር፣ ዛሬስ? ግራፎሎጂ ግን አይቶት የማያውቀውን ሰው አንድ ገጽ ይዞ «ይህ ሰው አይታመንም» ይላል። ከምን ጋር አነጻጽሮ?

ይህ አባባል ሊፈተን ይችላል፤ ተፈትኗልም። በ1986 በእስራኤል ገርሾን ቤን-ሻካርና ባልደረቦቹ በሥራቸው የተሳካላቸውን 40 ሰዎች የእጅ ጽሑፍ ለግራፎሎጂ ባለሙያዎች ሰጡ። ሰዎቹ ከ8 ሙያዎች የተውጣጡ ነበሩ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህ ጽሑፍ ከስምንቱ የየትኛው ሙያ ሰው ነው? የባለሙያዎቹ መልስ ዕጣ ጥለው ቢመልሱ ከሚያገኙት አልተሻለም። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ሙያው በሰፊው ይሠራበት በነበረ አገር ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ቤን-ሻካር ከኤፍራት ኔተር ጋር 17 ጥናቶችን አንድ ላይ መዘነ። ለእኔ ዋናው ማስረጃ ይህ ነው። በአብዛኞቹ ጥናቶች ሰዎቹ የጻፉት የራሳቸውን ታሪክ ነበር፤ የት እንደተማሩ፣ ምን እንደሠሩ፣ ምን እንደሚመኙ። ስለ ግራፎሎጂ የማያውቁ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ያንኑ ወረቀት አንብበው ሲገምቱ ከግራፎሎጂ ባለሙያዎቹ አላነሱም፤ እንዲያውም ትንሽ በለጧቸው። ጽሑፉ ስለ ራስ የማይናገር በሆነ ጊዜ ደግሞ የግራፎሎጂ ባለሙያዎቹ ግምት ወደ ዜሮ ተጠጋ። ሲያነቡ የነበሩት ታሪኩን ነው፤ የፊደሉ ቅርጽ የነገራቸው ነገር አልነበረም።

ቢኔንም ካነሱ አይቀር፣ «የወንድ ጽሑፍ ነው ወይስ የሴት?» ሲባል ሥልጠና የሌላቸው ሰዎችም ብዙ ጊዜ እንደሚያውቁ ያሳየው እሱ ራሱ ነው።

ደጋፊዋ፦

ወንድሜ፣ ጥናቶቹን አልገፋም። ግን ሁለት ነገር ይመልሱልኝ።

አንደኛ፣ ጽሑፋቸውን ያስመረመሩ ሰዎች ውጤቱን ሲሰሙ «ይሄማ እኔ ነኝ!» ይላሉ። ራሱን ከሰውዬው በላይ የሚያውቀው ማን ነው? ሁለተኛ፣ ፍርድ ቤት የእጅ ጽሑፍን በማስረጃነት ይቀበላል። ባንክም ፊርማችንን አይቶ ገንዘብ ይከፍላል። ፍርድ የሚሰጥበትና ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ለቅጥር ሲሆን እንዴት ዋጋ ያጣል?

ተቃዋሚው፦

ከመጀመሪያው ልነሣ። በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የባሕርይ ፈተና ሰጠ። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው «ውጤትህ ይኸው» ብሎ ወረቀት አደለ። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቃቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። ለካ ሁሉም የተሰጣቸው ወረቀት አንድ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሮቹም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተለቀሙ ናቸው። ይህን በ1949 አሳተመው። «አንዳንዴ ትጠራጠራለህ፤ ውስጥህ ያልተጠቀምክበት ችሎታ አለ» ቢባል እምቢ የሚል የለም። ስለዚህ «ይሄማ እኔ ነኝ» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

ፍርድ ቤት የሚጠይቀው «ይህን የጻፈው ማን ነው?» ብሎ ነው። የባሕርይ ጥያቄ አይደለም። ያም ሆኖ ይህ ከባሕርይ የቀለለ ጥያቄ እንኳ ሰው አጥፍቷል። በ1894 በፓሪስ የፈረንሳይ ጦር ሻምበል የነበረው አልፍሬድ ድሬፉስ ለጀርመን ይሰልላል ተብሎ ተከሰሰ። ዋናው ማስረጃ አንድ የእጅ ጽሑፍ ነበር። የፖሊሱ ሰው አልፎንስ በርቲዮን የእጅ ጽሑፍ ባለሙያ ሳይሆን መሰከረበት። ጽሑፉ የድሬፉስን በማይመስልበት ቦታ ደግሞ «ሆን ብሎ የራሱን ጽሑፍ አዛብቶ ነው» አለ። ቢመሳሰልም እሱ፣ ባይመሳሰልም እሱ! ድሬፉስ ዴቭልስ አይላንድ በምትባል የግዞት ደሴት ዓመታት አሳለፈ። ነፃነቱ በፍርድ ቤት የታወጀው በ1906 ነው። ጽሑፉ ኤስተርሃዚ የሚባል ሌላ መኮንን የጻፈው ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ እኛ ሰዎች ልምጣ፤ እልህ የሚይዘኝ እዚህ ላይ ስለሆነ። የዚህ ሙያ ሕግጋት የተቀመሩት በላቲን ፊደል ላይ ነው። ፊደል ከፊደል መያያዙ፣ ከመስመር በላይና በታች የሚወጣው ቀለበት፣ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ መዝመሙ ሁሉ ትርጉም ይሰጠዋል። የእኛ ሆሄ ግን ለየብቻው ይቆማል፣ አይያያዝም። ቁም ጽሕፈት የሚማር ሰውም ረጅም ጊዜ የሚደክመው የመምህሩን እጅ ለመምሰል ነው። ውበቱ የልፋት ውጤት ነው። ከዚያ ጸሐፊው የዋህ ይሁን ተንኮለኛ እንዴት ይለያል?

እስራኤል የገባ አንድ ቤተ እስራኤልን አስቡ። በጎልማሳነቱ ኡልፓን በሚባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት ገብቶ ዕብራይስጥ ይማራል። ዕድሜውን ከግራ ወደ ቀኝ የጻፈ እጅ አሁን ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል። ፊደሉ ያዘግማል፣ መጠኑ ይለያያል፣ መስመሩ ይወላገዳል። ያ ወረቀት ለቅጥር ቢመረመር «የሚያመነታ፣ በራሱ የማይተማመን» ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። ያመነታው ፊደሉ አዲስ ስለሆነበት ነው! ግራኝ ሆኖ ሳለ በቀኙ እንዲጽፍ ተቆጥቶ ያደገስ? በቂ ትምህርት ሳያገኝ የቀረውስ? ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ ማመልከቻውን የሚያስጽፈውስ፣ የማንን ባሕርይ ሊያዩበት ነው? እንዲህ ያለ መመዘኛ ድህነትንና ስደትን ጠባይ አድርጎ ይመዘግባል።

ደጋፊዋ፦

የመጨረሻው ነካኝ። ስለ ፊደላችን ያሉትንም እቀበላለሁ፤ ከላቲን የመጣ ሕግ ለሆሄያችን አይሠራም።

ነገር ግን አንድ ነገር አይረሳ። ሰው የእጅ ጽሑፍን አይቶ መፍረዱን አይተውም። እኛ አስተማሪዎች እንኳ ጥሩ እጅ ያለውን ልጅ ድርሰት ስናርም እጃችን ይለግሳል። ቀጣሪም ማመልከቻውን ሲገልጥ ውስጡ አንድ ነገር ይለዋል። ፍርዱ የማይቀር ከሆነ የሠለጠነ ሰው ቢሰጠው አይሻልም? ከተማሪዎቼም ጋር በተያያዘ አቋሜ ያው ነው። ጽሑፉ ድንገት የተበላሸ ልጅ ካየሁ ቤቱ ምን እንደገጠመው እጠይቃለሁ። ጠይቄም ብዙ ጊዜ ነገር አግኝቻለሁ።

ተቃዋሚው፦

ልጁን መጠየቅዎን ይቀጥሉበት። ያን ያደረጉት ልጁን ከትናንቱ ልጅ ጋር አነጻጽረው ነው፤ ደግሞም የጨረሱት በጥያቄ ነው እንጂ በፍርድ አይደለም። ግራፎሎጂ ይህን ቢያደርግ ኖሮ ከእርስዎ ጋር አልከራከርም ነበር።

«ፍርዱ የማይቀር ነው» ላሉት ግን አልስማማም። ዓይናችን የሚያዳላ ከሆነ መፍትሔው አድልዎውን ማሠልጠን አይደለም። ማመልከቻው በኮምፒውተር ይጻፍ፤ ድርሰቱም የሚቻል ከሆነ ስሙ ተሸፍኖ ይታረም። በ1998 ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር የ85 ዓመት የቅጥር ጥናቶችን አጠናቅረው ነበር። መመዘኛው በኋላ ከሚታየው የሥራ ውጤት ጋር ያለው ዝምድና ፍጹም ሲሆን 1፣ ጭራሽ ከሌለ 0 ነው። አመልካቹን ሥራውን እያሠሩ መፈተን 0.54 አገኘ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበት የተደራጀ ቃለ መጠይቅ 0.51። ግራፎሎጂ 0.02።

በቃለ መጠይቅ የተጠየቀ ሰው ቢያንስ ይመልሳል፣ ያስረዳል፣ ይከራከራል። «የፊደልህ ጅራት ታማኝ እንዳልሆንክ ይናገራል» የተባለ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ብዙውን ጊዜ ደግሞ ምክንያቱ አይነገረውም፤ «አልተመረጥክም» ተብሎ ይሸኛል። የሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ለአመልካቹ የአንድ ወር ደረሰኝ ሰጥቶ «አወራርድልኝ» ይበለው። ጸሐፊ የሚፈልግም ደብዳቤ ያስጽፍ፤ ጽፎ ሲያመጣለትም የደብዳቤውን ቃል ያንብብ።