ማስተካከያ፦ ሊዮ 14ኛ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ አልፈቀዱም

ባለፈው ጽሑፌ «አዲሱ ጳጳስ ሊዮ 14ኛ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ፈቀዱ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ከልብ ይቅርታ። ያምታታኝ ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች የሚሰጠው ቡራኬ ጉዳይ ነው። እሱን የፈቀዱት ከሊዮ በፊት የነበሩት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሪ ፍራንሲስ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023። ያም ቢሆን ጋብቻ አይደለም። ቫቲካን ራሷ እንዳብራራችው ከ10 እስከ 15 ሰከንድ የምትፈጅ አጭር ጸሎት ናት። ቬሎ የለ፣ ቀለበት የለ፣ የተክሊል ሥርዓት የለ።

ሊዮስ ምን አሉ? በሴፕቴምበር 2025 በወጣ ቃለ ምልልሳቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ሁሉንም ሰው እንደምትቀበል ተናግረዋል። ትምህርቷ ግን በቅርቡ ይለወጣል ብለው አያስቡም። ቤተሰብ ማለትም አባት፣ እናትና ልጆች ነው ብለዋል። ሰውን መቀበልና ትምህርትን መለወጥ ለየቅል ናቸው፤ እኔ አንድ አድርጌ ጻፍኳቸው። የቀድሞውን ያጋራችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም አጋሩልኝ።